ሙሽራው የዞረባቸው ቤቶች

ሰኞ፣ ጥር 19። ማለዳ 1፡30

ጀሪካኑ ሞልቷል። ሳሙናው ተቆርጧል። ፎጣዎቹ ታጥበው ደርቀዋል። ሲ/ር ሕይወት ባጃጅ ላይ ነኝ ብላ ደውላለች። እስክትደርስ ትንሽ ላውራሽ፣ ደብተሬ።

ሥራዬን ወደድኩት! ሥራዬ እጅ ማጠብ ነው። የልጆች እጅ። የሲ/ር የጤና ቡድን በየሰፈሩ እየዞረ የሕፃናትን ደም ይመረምራል። በደማቸው ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ ወይ ብሎ። አይታይም፣ አይሸትም። ግን ልጅን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ደሙን ያሳንሰዋል፣ አእምሮውን ያዘገየዋል። ጣት በመርፌ ነካ፣ አንድ ጠብታ፣ ወደ ማሽኑ። ቁጥር ይመጣል፤ ሁለት አሃዝ ከሆነ ክፉ ነው። ጣቱ ላይ አቧራ ካለ ግን ማሽኑ አቧራውንም አብሮ ይቆጥረዋል፤ ያኔ ቁጥሩ ውሸት ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት እኔ። በሳሙና፣ ከጥፍር ሥር፣ እንደገና በሳሙና። ከዚያ ልጁ ምንም እንዳይነካ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ትናንት ዓርብ የመጣው አንዱ ልክ መርፌው ሊነካው ሲል አፍንጫውን ጎረጎረ። እንደገና ሀ ብለን!

ትናንት ዓርብ አልኩ። ዓርብ ትናንት አይደለም። ከደስታ የተነሳ ቀኑ ጠፍቶኛል።

ቋንቋም እኔ ነኝ የማሻግረው። ሲ/ር ሕይወት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ወላይትኛዋ «ሳሮ» ብሎ ሰላም ከማለት አያልፍም። ለምን እኔን መረጣችሁ ብዬ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠየቅኳት። ሳቀች። ዝምተኛ ስለሆንሽ ነው፣ የሰውን ልጅ ውጤት ይዘሽ ገበያ አትወጪም አለችኝ። ዝምታዬ ሥራ ያስገኝልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ት/ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣና በመድኃኒት ካርቶን ነው። የቡድኑን የአማርኛ ማብራሪያ ወረቀት ሲ/ር ልትጥለው ስትል ለምኜ ወሰድኩት። ትራሴ ሥር አለ።

መጣች!

ያው ቀን። ማታ 12፡30

ሙሽራው ዛሬ እኛ ቤት ገባ። ተራችን እንደገና ደረሰ።

ስለ ሙሽራው አልነገርኩሽም መሰለኝ። ገጠር ቆጮ በጉድጓድ ይብላላል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። እዚህ ሶዶ በኪራይ ግቢ ማን ጉድጓድ ያስቆፍርሻል? እኛ በባልዲ ነው። የተፋቀው እንሰት ከአረካ በጆንያ፣ በሚኒባስ ይመጣል። ባልዲ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከላዩ ክብደት ይፈልጋል። ትልቅ ድንጋይ በባልዲ አፍ አይገባም፤ የሚገባው ደግሞ ቀላል ነው። የእማማ አበበች ክብደት ግን ልክ ነው። ጎረቤታችን ናቸው፣ ሰባን አልፈዋል። ሟች ባላቸው ጋሽ ጎበዜ የሠሩላቸው ነው። ክብ፣ ጥቁር፣ የቅቤ ቆርቆሮ ያህላል፤ ሊያነሱት ሲሉ ወገብ ይይዛል። ኮምጣጣው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ይሰነብታል፤ እንደ እሱ ቆጮ የሚያሳምር የለም። ከቤት ወደ ቤት በነጠላ ተጠቅልሎ በክብር ስለሚሄድ ሙሽራው አልነው። ባለተራዋ ከመጀመሪያው ቆጮ ለእማማ አበበች ታደርሳለች። «ሙሽራው ማን ቤት አደረ?» የመንደራችን ሰላምታ ነው።

ኤደን ምሳዋን ገፋችው። ሆዴን ትላለች። የልጄ የትዕግስት ልጅ፣ ሦስት ዓመቷ። ሰው ቀና ብሎ ካያት ታለቅሳለች። የምታውቃቸው ቃላት እንኳ ከአፏ የጠፉ ይመስለኛል። ትል ይሆናል። ሐሙስ የኛ መንደር ሲመረመር ለሲ/ር እነግራታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 21። ምሳ ሰዓት

የጋራዦቹ መንገድ። ሁሉም የፈራው ቦታ። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ሲ/ር ጓንቷን እያጠለቀች ዛሬ ከባድ ቀን ነው አለችኝ። እርሳስ ማለት የባትሪ ሆድ ነው፤ እዚህ ደግሞ ባትሪ ሲፈታ ኖሯል።

እናቶቹ ተሰልፈዋል። አንዷ ደንዳና፣ ልጇን በጀርባው እየገፋች፣ «የኔ ልጅ ብሎን ውጦ ያደገ ነው፤ ማሽንሽን እንዳይሰብርብሽ!» አለች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላዋ ደግሞ ልጆቹ ተማሪ ቤት እርሳሱን ይበላሉ፣ እሱ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አሻገርኩላት። ሲ/ር ሳቀች፤ የመጻፊያው ውስጥ እርሳስ የሚባል ብረት የለም፣ ስሙ ብቻ ነው አለች። ሴትዮዋ አላመነቻትም።

ቁጥሮቹ ግን ዝቅ! አንድ ሁለት ልጆች ትንሽ ከፍ አሉ እንጂ አብዛኛው ደህና ነው። ባትሪ እዚያ መፍታት ካቆሙ ቆይቷል፤ አሁን እንደተዘጋ ነው የሚሸጡት። ሲ/ር ግራ ገብቷታል። ቀደም ሲል ከሰፈራችን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱ ልጆች ደማቸው ላይ እርሳስ ታይቶ ነው ቡድኑ የመጣው። ጋራዥ ካልሆነ ከየት?

እኔ ግራ መጋባት አልቻልኩም። ደስ ብሎኛል ብቻ! ቤት እስክደርስ እየዘመርኩ መጣሁ። ነገ የኛ መንደር ነው። የኛማ ንጹሕ፣ አጥሩ ላይ ጽጌረዳ ያለበት።

ሐሙስ፣ ጥር 22። ከቀኑ 10

ጽሑፌን ይቅር በይኝ። ቆሜ ነው የምጽፈው።

ኤደን። ሁለት አሃዝ።

ሲ/ር ሌላ ጣት ይሞከር አለች። እኔው አጠብኩት። ቆዳዋ እስኪቀላ። ማሽኑ እንዲዋሽ ጌታን ለመንኩ፤ ዛሬ ብቻ ዋሽ አልኩት። ያው ቁጥር።

እኛ ብቻ አይደለንም። ከጎረቤቶቻችን ልጆች ብዙዎቹ። ስማቸውን ለአንቺም አልጽፍም፤ ቃል ገብቻለሁ። ሲ/ር የውጤቱን ወረቀት ስትሞላ ብዕሯ ቆሞ ሲቀር አየሁ። ጋራዥ የለ፣ ፋብሪካ የለ።

ትዕግስት ጮኸችብኝ። ማሽንሽን ይዘሽ ሳትመጪ ደህና ነበርን አለች። በሩን በላዬ ዘጋችው። ቆይታ ከፈተችና ኤደንን ታቅፋ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከኤደን ክንድ ሌላ ደም ተወሰደ፤ ለማረጋገጫ አዲስ አበባ ይሄዳል። በባጃጅ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ወርደን ሐኪም አየን። የደም ብረት የሚጨምር ሽሮፕ ሰጠን፤ ወተት፣ ጎመን አብሉ አለ። ዋናው ግን ይህ አይደለም አለ። በየቀኑ የሚገባውን ካላቆማችሁ የምሰጣችሁ ሁሉ በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው። ምንጩን ፈልጉ።

እንፈልጋለን።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

አደን ላይ ነን! ፍርሃቱ አለ፤ ግን እግሬ መሬት አልረግጥ ብሏል። ሲ/ር ጫፉ ቢጫ የሆነ የጥጥ እንጨት አላት። እርሳስ ያለበትን ነገር ስታሺበት ይቀላል። ጥቂት ስለሆኑ እንደ ወርቅ ነው የምትቆጥባቸው። ምን እንደሚታሽ አብረን እንመርጣለን።

የበር ቀለም። አልቀላም። የትዕግስት ኩል። አልቀላም። ከጥራጊ ብረት ቀልጦ የተሠራው ድስት፣ ሲ/ር የጠረጠረችው። አልቀላም። የኤደን አሻንጉሊት መኪና። እንጃ፣ ትንሽ መሰለን፣ ከዚያ ቀይ ቀለሙ ራሱ መሆኑን አየን። ተሳሳቅን።

ዳታውን፣ ያንን የሚያቃጥል የበርበሬ ድልህ፣ ልታሽ ስትል ትዕግስት ከጓዳ፣ «እሱማ ድሮም ቀይ ነው፣ ሲስተር!» አለች። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ።

ሰኞ፣ ጥር 26። ከቀኑ 9

ተንፍሼ ልጻፍ። በቅደም ተከተል።

ጠዋት ሲ/ር ጥላው ሥር ተቀምጣ፣ የዚህ መንደር ልጆች ሆነው ያልታመሙት እነማን ናቸው አለችኝ። የታመሙትን ብቻ ስናይ ነበር! የወ/ሮ ጽጌ ልጆች ዝቅተኛ ናቸው። አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ እንጀራ በሽሮ የሚሉ፤ ቆጮ ቤታቸው አይገባም። የመምህሩም ልጆች ዝቅተኛ ናቸው። እነሱ ግን እንደኛ ወላይታ ናቸው፣ ቆጮ ይበላሉ። እዚህ ተደናቀፍን። ትንሽ ቆይቶ ትዝ አለኝ፦ የመምህሩ እናት ገጠር፣ ቢጠና ናቸው፤ ቆጮው በጉድጓድ ተብላልቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ከዚያ ነው የሚላክላቸው።

ተያየን።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። እንሰት እኮ ነው! ዝናብ እምቢ ባለ ጊዜ ያተረፈን፣ እናቴን ያሳደገ። ሲ/ር እንሰቱን አልጠረጠርኩም አለች፤ ከጆንያው እስከ አፍ ድረስ እያንዳንዷን ነገር አሳዪኝ። እሺ። ቤት ወሰድኳት። ጆንያው። ቢላዋው። ባልዲው። አንዱን እንጨት ባልዲው ላይ አጠፋን፤ አልቀላም። ውሃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው አለች።

«ሙሽራው ነዋ» አልኳት። እየሳቅሁ ነው የነገርኳት።

ሁለት ሆነን አወጣነው። ሲ/ር በቁልፏ ጫፍ ፋቅ አደረገችው። ብረቱ ለስላሳ ነው፤ እንደ ሳሙና ተላጠላት። ከጥቁሩ ሥር እንደ አዲስ ቆርቆሮ አበራ። የመጨረሻውን እንጨት አወጣች። አሸችው።

እንደ በርበሬ ቀላ!

«አገኘነው!» ብዬ ጮህኩ። እኔ! ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ አለ፤ እሳት የተነሳ መስሎት። ሲ/ርን አቀፍኳት፣ ነጭ ጋውኗ በቆጮ ውሃ ራሰ። ኮምጣጣ ውሃ እርሳስን ይበላዋል፣ ቆጮው ይጠጣዋል፣ ልጅ ቆጮውን ይበላል። እንዲህ ቀላል! ጉድጓድ ቢኖረን፣ ድንጋይ ብንጭን ምንም አልነበረም። ከተማ ገብተን በባልዲ ስለሠራን።

ባልዲውን እንዳለ ዘጋን። ለበግም አይሰጥም አለች፤ ቡድኑ ይወስደዋል።

አሁን ብቻዬን ሳስበው ደስታው ተቋረጠብኝ። ጋሽ ጎበዜ ባትሪ ጠጋኝ ነበሩ። ለእማማ አበበች ማን ይነግራል? ሲ/ር ወላይትኛ አትችልም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ነገርኳቸው።

ታጥቦ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ሙሽራ ይዘን ሄድን። የመታሰር ያህል ፈራሁ። እማማ አበበች እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ምላሳቸው እንደ ዳታ ነው፤ ዛሬ ግን ቀስ አሉ። «አስቱ፣ ዕድሜሽን ሙሉ አፍሽን ዘግተሽ ኖረሽ፣ ስትከፍቺው በባሌ ላይ?»

ከዚያ ታሪኩን አወሩልን። ከገጠር ሲመጡ ጉድጓዴን ብለው አለቀሱ። ጋሽ ጎበዜ የተጣሉ የባትሪ ሳህኖችን አቅልጠው በቅቤ ቆርቆሮ አፈሰሱላቸው፤ ይኸው ጉድጓድሽ ብለው ሰጧቸው። ለሲ/ር ላሻግርላት ስል «ገባኝ፣ ተይው» አለች።

«እኔ ሙሽራ አዋስኳችሁ፤ እናንተ ነፍሰ ገዳይ አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ» አሉ። ሙሽራውን ከእጃችን ነጥቀው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ታቅፈው ገቡ። በሩ ተቀረቀረ።

ከሰዓት ቦኖ ውሃ ስቀዳ አንዷ፣ «ዶክተር አስቴር መጣች፣ ጣታችሁን ደብቁ!» አለች። ሳቁ። መንደሩ ሁለት ሆኗል። ግማሹ ባልዲውን ደፍቷል፤ ግማሹ ስንት ዓመት ስንበላው ማን ሞተ ይላል። የሚቀጥለው ተራ ደግሞ የእርጉዟ ጎረቤታችን ነው። እንሰቷ ከአረካ መጥቶ በሯ ላይ ተቀምጧል። ሙሽራውን ልትጠይቅ እማማ አበበች ዘንድ ስትሄድ አየኋት። አልከፈቱላትም። ነገ ቢከፍቱላትስ?

እማማ አበበች ራሳቸው የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ሶስናን። ሐሙስ ለምርመራ አላመጧትም ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 30። ከጠዋቱ 4

ቀሪዎቹን ለመጨረስ ጠረጴዛው ወጥቷል። ጸሎቴን ጨርሼ ነው የወጣሁት።

እማማ አበበች መጡ። ሶስናን የቸርች ቀሚሷን አልብሰዋታል። ቅደሙ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ከሁሉም ኋላ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ የልጅቱን እጆች ያዙና ወደኔ ዘረጉ።

«እጠቢ።»

አጠብኩ። ረጅም ጊዜ አጠብኩ። ማሽኑ ቆጠረ። ቁጥሩ ከኤደን ይበልጣል።

በወላይትኛ ነገርኳቸው። ድገሚው አሉ፤ ደገምኩት። ከዚያ የልጅቱን ፀጉር እያስተካከሉ፣ «ጎበዜ ይህን ቢያውቅ በመዶሻ ራሱ ይሰብረው ነበር» አሉ። እንዲህ ነው ያሉት። ሄደው አመጡት፣ ነጠላው ውስጥ።

አሁን ጥያቄው የት ይድረስ የሚለው ሆነ። ቆርቆሮ ገዢው ወዲያው ብቅ አለ፤ ጥሩ ዋጋ አለው፣ ዓባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለሚያጠምዱ ለመረብ ማስጠሚያ ይሆናል አለ። እማማ አበበች በከዘራቸው አባረሩት። ወንዝ ይጣል ያለም ነበር። ሲ/ር የትም አይጣልም፣ ቆሻሻውን በሚገባ ለሚያስቀምጡት በቡድኑ መኪና ይሄዳል አለች። በክዳን ሣጥን ከተተችው፣ አሸገችው።

መኪናው ሊነሳ ሲል እማማ አበበች ዙሪያቸውን የቆምነውን አዩን። «ምን ትገተራላችሁ? ሙሽራ ዝም ተብሎ ይሸኛል?» አሉና ራሳቸው እልልታውን ጀመሩት። እልል አልን! ቦኖ ላይ የሳቀችብኝም፣ እርጉዟም፣ ትዕግስትም። ሹፌሩ ምን እንደጫነ አልገባው ብሎ ሁለት ጊዜ ወርዶ አየ። እያለቀስን ሳቅን።

እሑድ፣ የካቲት 9

የደሙ ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። ማሽኑ አልዋሸም። ግን አሁን ምክንያቱን እናውቃለን!

ተሰብስበን ባልዲውን ለድንጋይ ጠራቢ አሳየን፤ አፉን ለካ፣ ክብ ጥቁር ድንጋይ አወጣልን። ለየቤቱ አንድ። እርጉዟ የመጀመሪያውን ወሰደች። እማማ አበበች ስም አወጡለት፦ ሚዜው። ሙሽራው ሄደ፣ ሚዜው ቀረ።

ኤደን ጎመን አትወድም። እኔና ትዕግስት ተራ በተራ እየዘፈንን ነው የምናጎርሳት። ከቸርች ስንመለስ «ወፍ» አለች። አጥሩ ላይ ወፍ ነበረች። ትዕግስት መንገድ መሃል ቆመች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6። ከቀኑ 8

አንድ አሃዝ!!!

ደብተሬ፣ አንድ አሃዝ! ሲ/ር ሁለቴ አየችው፣ እኔም አየሁት፣ ትዕግስት ማሽኑን ሳመችው። ሲ/ር ማሽን አይሳምም ብላ ጠረገችው፤ እሷም ዓይኗን ጠረገች። ገና ነው አለች፤ ከአጥንት ቀስ እያለ ይወጣል፣ እየተመላለሳችሁ ታሳያላችሁ። ዜሮ አይደለም። ያጣችው ነገር ካለም ስታድግ ነው የሚታወቀው። ሰማሁ። ቢሆንም አንድ አሃዝ! ሶስናም እየወረደች ነው። የሌሎቹንም አየሁ፤ አልናገርም፣ ግን ፊቴን ያየ ያውቃል።

ኤደን ምሳ ጨርሳ ሳህኑን ዘረጋች። «ለኔ ጨምሪ።» እንዲህ ስትጣላኝ ደስ ይለኛል።

ያው ቀን። ማታ 12

እማማ አበበች በአጥሩ ጠሩኝ። የልጆቹ ቁጥር መውረዱን ሰምተዋል፤ የደስታ ነገር ሊያወሩ መስሎኝ ነበር። አጥሩን በጥፍራቸው ፋቁ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፦ ጎበዜ ያፈሰሰው ሁለት ነው። አንዱ የኔ፣ አንዱ የእህቱ። አረካ ናት፣ እሷም ግቢ ተከራይታ፣ እሷም በባልዲ። ከጥር ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ አስቱ። የሞተ ሰው ስንት ጊዜ ይከሰሳል ብዬ ነው ያልተናገርኩት።

አልተቆጣኋቸውም። መቆጣት ያለብኝ ይመስለኛል፤ አልቻልኩም። እጃቸውን በአጥሩ ቀዳዳ ያዝኩት።

ለሲ/ር ደወልኩ። ቡድኑ አረካ የሚደርሰው ፕሮግራም ሲወጣ ነው፤ ዛሬውኑ ለኃላፊዎቹ እነግራለሁ፣ ጠብቂ አለች። አላዘዘችኝም፣ ለመነችኝ። እኔ ግን አረካ ዛሬ ማታ በዚያ ቆጮ ልጅ የሚያጎርሱትን አስባለሁ። እዚያም ሙሽራ ብለውት ይሆን? ወይስ ሌላ ስም አላቸው?

የጋሽ ጎበዜ እህት ይቀበሉኛል? ከእማማ አበበች የባሱ ናቸው ይባላል። ልጆቹ በሩ ላይ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ምን እላለሁ? ስሜን። ከዚያ የኤደንን ስም። ከዚያ ቁጥሩን፣ የቀድሞውንም የአሁኑንም። የኤደንን መናገር እችላለሁ፤ የኔ ናት።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንሄዳለን፤ እማማ አበበች ካልሄድኩ ብለዋል። ሲ/ር ስትደርስ የልጆቹ እጆች ዝግጁ እንዲሆኑ ሳሙና ይዣለሁ። አዲስ ባልዲ ይዣለሁ። ትዕግስት ሚዜውን፣ የኛን፣ በማዳበሪያ ጠቅልላ በሩ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ባዶ እጅ አይሄድም ብላ። ሊሸከሙት ይከብዳል። እንሸከመዋለን።